ራስ መኰንን፦ ውል፣ ድንበርና ሐዲድ

(በሁርሶ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ሐረርጌን ካስተዳደሩት ሰዎች መካከል ስለ አንዱ ሕይወትና ሥራ እንድናገር በታዘዝኩ ጊዜ ስሙን ለመምረጥ ብዙ አላወላወልኩም። ስለ ልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጽፈዋል፤ የጻፉትም ባመዛኙ ስለ ጦር ሜዳው ነው። እኔ የታሪክ ባለሙያ ስላልሆንኩ ከእነርሱ ጋር ለመወዳደር አልሞክርም። የምናገረው እንደ መሐንዲስ ነው፤ ስለዚህም ከጎራዴያቸው ይልቅ ብዕራቸውን እከተላለሁ። የእኛ ሙያ ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ መፈረም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ንድፍ ላይ እንፈርማለን፣ የክፍያ ሰነድ ላይ እንፈርማለን፣ የርክክብ ወረቀት ላይ እንፈርማለን፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የራሱን ዕድሜ ይኖራል። ራስ መኰንንም በሕይወታቸው ሁለት ከባድ ወረቀቶች ላይ እጃቸውን አኑረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው።

የተሰበሰብንባት ሁርሶ ለብዙው ሰው የምትታወቀው በጦር ማሠልጠኛዋ ነው። ለእኛ ግን ሌላም መታወቂያ አላት፤ አሮጌው ምድር ባቡር ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲያመራ ከሚያገኛቸው የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ናት። በዚህ መስመር ላይ ባቡር ማለፉን ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሆኖም ራስ መኰንን በሞቱ ጊዜ ይህ ሐዲድ ገና እዚህ እንዳልደረሰና ድሬዳዋ ላይ ተገትሮ እንደ ነበረ ለጊዜው ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ራስ መኰንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጎላ በሚባለው አገር፣ ደረፎ ማርያም ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉደሳ፣ እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅ ናቸው። ስለዚህ ለምኒልክ የአክስት ልጅ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ቤተ መንግሥት ገብተው ከምኒልክ ጋር አደጉ። ይህ ዝምድና በኋላ ለተጣለባቸው እምነት መሠረት ሆነ ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ነገር ግን ዝምድና ብቻውን ሹመት ያስገኛል እንጂ ሹመትን ለ19 ዓመት አያቆይም።

ሹመቱ የመጣው በ1879 ነው። ሐረር ከ1868 እስከ 1877 በግብፆች እጅ ቆይታ፣ እነርሱ ለቀው ሲወጡ ወደ አሚሯ ወደ አብዱላሂ ተመልሳ ነበር። በ1879 በገና ዕለት የያኔው የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የአሚሩን ጦር አሸንፈው ወደ ከተማይቱ ገቡ፤ ሲመለሱም መኰንንን በደጃዝማችነት ማዕረግ ሾመው ተዉአቸው። ዕድሜያቸው 34 ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የብዙዎቻችን ዕድሜ ማለት ነው።

ሐረር ተራ ግዛት አልነበረችም። ወደ ባሕር የሚያስወጣው በር እርሷ ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በግመል ወደ ዘይላ ይወርዳል፤ ጠመንጃው፣ ጥይቱና ጨርቁ በዚያው መንገድ ይወጣል። ከዚህ የሚሰበሰበው ቀረጥ የሸዋው መንግሥት ጥሬ ገንዘብ ከሚያገኝባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ሆነ። ለምሳሌ ያህል፣ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን ለምኒልክ ጠመንጃ ሲሸጥ፣ የተሰጠው የክፍያ ማዘዣ የተጻፈው በሐረሩ ገዢ ላይ ነበር። እንጦጦ ያዝዛል፣ ሐረር ይከፍላል። የመኰንን የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ከጦር አዛዥነት ይልቅ የገንዘብ ቤት ኃላፊነት ይመስል ነበር።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ነው የመጀመሪያው ወረቀት የመጣው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክ ከጣልያን ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በጣልያንኛው የተለያየ መሆኑን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ የማይወሳው ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ተጨማሪ ውል ነው። ደጃዝማች መኰንን የልዑካን ቡድን መርተው፣ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ባሕር ተሻግረው ሮም ገቡ፤ ንጉሥ ኡምቤርቶም ተቀበሏቸው። በመስከረም 1882 ናፖሊ ላይ ተጨማሪው ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ኢትዮጵያ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር አገኘች፤ ለብድሩ መያዣ የተሰጠው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ፈራሚው የራሳቸውን ግዛት ቀረጥ መያዣ አድርገው ነው የፈረሙት።

ይህ ከባድ ቢሆንም አይገርምም፤ ብድር ያለ መያዣ አይገኝም። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ስለ ድንበር የተጻፈው ቃል ነው። የሁለቱ አገሮች ወሰን የሚስተካከለው አሁን ያለውን ይዞታ መሠረት በማድረግ ይሆናል ይላል። ወገኖቼ፣ ከእኛ መካከል የቅየሳ ሥራ የሠራ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ምን ይሰማዋል? "አሁን" ማለት መቼ ነው? ከየትኛው ምልክት ነው የሚለካው? መነሻ ነጥብ የሌለው ልኬት ልኬት አይደለም። ልዑካኑ በጉዞ ላይ ሳሉ የጣልያን ጦር ከምጽዋ ተነሥቶ ከረንንና አሥመራን ይዞ ነበር፤ ከዚያም ወደ መረብ ወንዝ ገፋ። ሮም የተቀመጠው ተዋዋይ ወገን ጦሩ የቆመበትን ቦታ በቴሌግራፍ በየቀኑ ያውቃል። ናፖሊ ላይ የተቀመጡት የሐረሩ ገዢ ግን ከጌታቸው ጋር ለመማከር መርከብና በቅሎ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህም የሳምንታት ጉዞ ነው። የአንደኛው ወገን መረጃ ትኩስ፣ የሌላው የሰነበተ ሆኖ "አሁን ያለው ይዞታ" ተብሎ ተፈረመ። ጣልያኖችም ወሰናቸውን እስከ መረብ ለማድረስ ይህንኑ ቃል ጠቀሱ።

ጥፋቱን ሁሉ በመኰንን ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ውሉን ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በየካቲት 1882 መቀሌ ላይ አጽድቀውታል። እንዲሁም መኰንን የቋንቋም የዓለም አቀፍ ሕግም አማካሪ በአጠገባቸው እንደ ልብ አልነበራቸውም። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ያለው እጅ የእርሳቸው ነው፤ ይህንንም ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ከጣልያን እንደ ተመለሱ የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ምኒልክ በ1885 የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ፤ ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ።

የጦርነቱን ነገር በአጭሩ አልፈዋለሁ አልኩ እንጂ አንድ ሁለት ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በኅዳር 28 ቀን 1888 አምባ አላጌ ላይ ሜጀር ቶዜሊን ያሸነፈው የፊት ጦር በራስ መኰንን አዛዥነት ነበር። ራስ መኰንን ከውጊያው በፊት ከጣልያኖች ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ውጊያው የተጀመረውም ፊታውራሪ ገበየሁ ትእዛዝ ሳይጠብቁ በመግጠማቸው ነው። ይህን አንዳንዶች እንደ ወላዋይነት ይቆጥሩባቸዋል። እኔ እንደዚያ አልቆጥረውም። ሮምን በዓይናቸው ያዩ፣ ፋብሪካና የጦር መርከብ ያለውን አገር አቅም ያወቁ ሰው የደብዳቤውን በር ቶሎ ባይዘጉ አያስደንቅም። ከዚያ መቀሌ ምሽግ ውስጥ የገባው የጣልያን ጦር በውሃ ጥም ተያዘ፤ ምንጮቹ ከምሽጉ ውጭ ነበሩና። (ምሽግ ሠርቶ ምንጩን ውጭ የሚተው መሐንዲስ ዛሬም አይጠፋም።) ጦሩ እንዲወጣ ያደራደረው ጣልያናዊው ፒዬትሮ ፌልተር ሐረር የኖረ፣ ከራስ መኰንን ጋር የሚተዋወቅ ነጋዴ ነበር። የዓመታት ጉርብትና በጦር ሜዳ መሐል ለንግግር አገለገለ ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን ደግሞ የሐረርጌን ጦር ይዘው ዐድዋ ላይ ነበሩ።

ሁለተኛው ወረቀት የመጣው ከዐድዋ በኋላ፣ በ1889 ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ሬኔል ሮድ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ምኒልክ ላከ። ውሉ ግንቦት 7 ቀን አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ፤ የሱማሌላንድ ወሰን ጉዳይ ግን በውሉ ውስጥ አልተቋጨም። ሮድ ሲመለስ ሐረር ላይ ከራስ መኰንን ጋር ተነጋግሮ፣ በሚለዋወጡት ደብዳቤ እንዲወሰንና ደብዳቤው የውሉ አባሪ እንዲሆን ተደረገ። ግንቦት 28 ቀን ደብዳቤዎቹ ተለዋወጡ።

እዚህ ላይ ከናፖሊው ጋር አስተያዩልኝ። በዚህ ጊዜ የሚነጋገሩት በገዛ ከተማቸው ነው። አካባቢውን 10 ዓመት አስተዳድረውታል፤ የግመል መንገዱንም ያውቁታል። አባሪው ወሰኑን የሚገልጸው "አሁን ባለው ይዞታ" ሳይሆን በኮረብታ፣ በጉድጓድና በነጋዴ መንገድ ስም ነው። እንግሊዝ በ1886 ከጣልያን ጋር ተስማምታ ለራሷ ከቆጠረችው መሬትም ሰፊ ክፍል ለቀቀች። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ተጨመረ፤ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩ ከብታቸውን ማሰማራት ይችላሉ፣ በአቅራቢያቸው ካሉት የውሃ ጉድጓዶችም በነፃ ይቀዳሉ፣ ሲሻገሩ ግን የደረሱበት አገር ሹም ሥልጣን ይገዛቸዋል የሚል። በዚህ በረሃ ውሃ ያወጣ ሰው ሁሉ የዚህ ቃል ክብደት ይገባዋል። መስመር ማስመር ቀላል ነው፤ መስመሩ ከጉድጓዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማሰብ ግን አገሩን ማወቅ ይጠይቃል። ይህን ቃል ያስገቡት እርሳቸው ብቻ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በመስከረም 1882 እና በግንቦት 1889 መካከል ያሉት ሰባት ዓመታት ብዙ እንዳስተማሯቸው ከሁለቱ ሰነዶች ንባብ ይታየኛል።

ይህን ካልኩ በኋላ ሌላውን ገጽ መደበቅ አይገባኝም። መሬታቸው ለሁለት የተከፈለባቸውን የሱማሌ ጎሣዎች ያማከራቸው የለም፤ ሐረር ላይ የተነጋገሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም የሌላ አገር ተወላጆች ናቸው። በዚያ ሠፈር ላይ የተነሣው ክርክር እስከ 1947ቱ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት፣ ከዚያም ወዲያ ዘልቋል። ሐረር ከተማ ውስጥም መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተተከለው መስጊድ በነበረበት ሥፍራ ላይ ነው። በገጠሩ ያለው ገበሬ ደግሞ የሠራዊቱን ቀለብ ተሸካሚ ሆነ። የገባር ሥርዓት ምን ያህል እንደ ከበደ ለመረዳት የሐረርጌ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይበቃል። የዋህ፣ አስተዋይና አስታራቂ ገዢ እንደ ነበሩ የሚመሰክሩ ብዙዎች ናቸው፤ ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴም "ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ" በተባለው መጽሐፋቸው ይህንኑ ጽፈዋል። ምስክርነቱን እቀበላለሁ። ሥርዓቱ ግን ከገዢው ጠባይ ይሰፋል።

ከዐድዋ በኋላ ያለውን ሹመታቸውን በፍጥነት ልለፈው። በ1890 ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ፤ ቀጥሎም ወደ ትግራይ ተላኩና እዚያ ጥቂት ገዝተው ወደ ሐረር ተመለሱ። በ1894 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሄዱ። እርሳቸው በተመለሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሐዲዱ ወደ ግዛታቸው ደረሰ።

የባቡሩ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው በ1886 ነው። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ ሐረር የሚል ነበር። ሐረር መሆኑን አስምሩበት። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ደረሰ፤ የደረሰው ግን ሐረር ሳይሆን ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ነው። ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት አያሻም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ላስቀምጠው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ነው። ወደ ሐረር ለመግባት ደንገጎን አልፎ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልጋል። በሺህ 25 ሜትር በሚወጣ ዳገት እንኳ 800 ሜትር ለመውጣት፣ ማጠፊያው ሳይቆጠር፣ 32 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት መውጣት ግድ ነው። ከግርጌው እስከ አናቱ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ መስመሩ በተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ዋሻና ድልድይ እየተሠራለት መሄድ ነበረበት። ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ይህን አልሞከረውም።

በዚህ ውሳኔ የተጎዳችው የገዢው ከተማ ናት። ስሟ በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሐረር ቀርታ፣ ትናንት ከተማ ያልነበረበት ሜዳ የንግዱ መናኸሪያ ሆነ። ምኒልክ አዲሱን ሥፍራ "አዲስ ሐረር" አሉት፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም። የግመሉ ሰልፍ፣ መጋዘኑ፣ ቀረጡም ቀስ በቀስ ወደ ቆላ ወረደ። ለ16 ዓመት የሐረርን በር ሲጠብቁ የኖሩት ራስ መኰንን በሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲተከል ማየት ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ለዕዳ መያዣ የሰጡት የሐረር ጉምሩክ በመሐንዲሶች ስሌት ከሐረር ወጣ።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ከኩባንያው ጋር ለብቻው ተዋውሎ ድጎማ በመስጠቱ ምኒልክ እጅግ ተቆጡ፤ ባቡሩ በሌላ መንግሥት እጅ ሊወድቅ ነው ብለው ሰጉ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ እስከ ራስ መኰንን ዕለተ ሞት ድረስም አንድ ሜትር አልጨመረም። በአንጻሩ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ቀደም ብሎ ተዘርግቶ ነበርና ገዢውና ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ናፖሊው ዘመን ሳምንታት መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።

ራስ መኰንን በ1898 ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ቡርቃ ላይ ታመሙ። ወደ ቁልቢ ተመለሱ፤ ከዐድዋ በኋላ እርሳቸው ባሠሩት በገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በመጋቢት ወር ዐረፉ። የተቀበሩት ሐረር፣ ቅዱስ ሚካኤል ነው። ልጃቸው ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ራስ መኰንን ሐረር ላይ ሆስፒታል አሠርተው ነበር። በዚያ ያገለግል የነበረው ሐኪም ዶክተር ዮሴፍ ቪታልያን የጓዴሉፕ ደሴት ተወላጅ ጥቁር ሰው ነው፤ ለተፈሪም ፈረንሳይኛ አስተምሯል። በኋላ የምኒልክ ሐኪም ሆነ። የቀድሞው የባቡር ኩባንያ ከስሮ ሲፈርስ፣ በጥር 1900 መስመሩን ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የመቀጠሉ ፈቃድ የተጻፈው በዚህ ሐኪም ስም ነው። ምኒልክ መንግሥትንም ኩባንያንም ጠርጥረው የሚያምኑትን ሰው ስም መረጡ፤ ሰውየው ደግሞ የተገኘው ከራስ መኰንን ሆስፒታል ነው። ፈቃዱ ወዲያው ለአዲሱ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተላለፈ። ሥራው እንደገና ተጀመረ፤ ሐዲዱም ድሬዳዋን ለቅቆ ወደ ምዕራብ ሲያመራ ሁርሶን አልፎ፣ ኤረርን አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 አዲስ አበባ ገባ።